የእትዬ የትነበርሽ ድንኳን

የአሳምነው አፍ ከሮተርዳም ወደብ ይሰፋል፤ ጀልባ ሆኖ የገባ ወሬ ሁሉ መርከብ ሆኖ ይወጣል። መኖሪያው ዴልፍስሃቨን ነው። ሥራው ደግሞ ሄግ አጠገብ፣ ዌስትላንድ በሚባለው የመስታወት አገር። እዚያ አንዱ የቲማቲም ማብቀያ ቤት ብቻ ከአንድ ወረዳ ይሰፋል፤ በወዲህ ጫፉ ዝናብ ሲጥል በወዲያ ጫፉ ያሉት ሠራተኞች በማግስቱ ነው የሚሰሙት። አሳምነው በዚህ ቤት ውስጥ አስራ ሰባት ዓመት የቲማቲም ጋሪ ገፍቷል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲቀመጥ ግን ጋሪው ይቀራል።

«እዚያ ፀሐይ የምትወጣው እኔ ስፈቅድላት ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። «ኢንጂነሩ እኔ ነኝ፤ መብራቱን፣ ሙቀቱን፣ አየሩን በዚህች ጣቴ ነው የማዘው። ቲማቲሙ እንኳ ሲያየኝ ነው የሚቀላው።»

ሄዶ ያጣራ የለም። ለማጣራት ከሌሊቱ አስር ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል፤ ለአሳምነው ውሸት ሲል እንቅልፉን የሚሰዋ ደግሞ አልተገኘም።

በኅዳር ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣ በዕረፍት ቀኑ ስልኩ ጮኸ።

«አሳምነው ልጄ» አሉ እትዬ የትነበርሽ በሹክሹክታ። «መብራትና አየር የምታዝ አንተ አይደለህ? አሁኑኑ ሄግ፣ ቤቴ ድረስ ና። ለሚስትህም እንዳትናገር።»

እትዬ የትነበርሽ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ሄግ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሮ አጽድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢም ናቸው። የዓመቱ የጾም መቁጠሪያ ቢጠፋ የሳቸውን ማድ ቤት ማየት ይበቃል። እሳቸው የጠሩት ሰው ታምሜያለሁ አይልም፤ ሞቶም ከሆነ ተነስቶ ይሄዳል። አሳምነው በባቡሩ ሲገሰግስ፣ ቢበዛ የሳሎን አምፖል ተቃጥሎባቸው ይሆናል ብሎ አሰበ። ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖል መለወጥ ይችላል።

«ቶሎ ግባ፣ ቶሎ! ነፋስ አታስገባብኝ!» አሉት በሩን በስንጥቅ ከፍተው። እንደገባ የተጠቀለለ ፎጣ በእግራቸው ገፍተው የበሩን ሥር ደፈኑት።

አሳምነው በዚህ አልተገረመም፤ የሱም ቤት እንዲሁ ነው። ደች ቤት ሲሠራ ሆን ብሎ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሐበሻ ሲገባ ይደፍነዋል። ከሳሎኑ መስኮት አናት ያለችው የአየር መግቢያ በአሮጌ ካልሲዎች ተጠቅጥቃለች። የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሌት ተቀን የምታጉረመርመው ቀዳዳ በፌስታል ታፍናለች። ቤቱ ይሞቃል ሲባል እንዲሁ መሞቅ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል መስታወት አልቦታል።

«እንግዲህ ተቀመጥ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ተኝተዋል።»

«እነማን?»

«እነሱ ናቸዋ። እስከ ስድስት ሰዓት አይነሱም። ሌሊታቸው ላይ ብርሃን ከገባባቸው ያኮርፋሉ።»

አሳምነው የልጅ ልጆች መጥተው ይሆናል ብሎ ግማሽ ሰዓት እንደ አስታማሚ ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከጓዳው በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በበሩ ሥር ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ፈሰሰ። እትዬ የትነበርሽ ቁልፍ ከብብታቸው አወጡ። ገቡ። ክፍሉን ከወለል እስከ ጣሪያ የሞላ ጥቁር ድንኳን ቆሟል። ዚፑን ሽርር አድርገው ከፈቱት።

የአሳምነው ደም ቀጥ አለ።

የድንኳኑ ውስጥ እንደ ብር ያብረቀርቃል። ከላይ የሠርግ ቤት የሚያህል መብራት ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ማራገቢያው ይሽከረከራል። ከሥር አምስት ጣታም ቅጠል ያላቸው፣ ጭንቅላታቸው በአበባ የከበደ አምስት ዛፎች ቆመዋል። አሳምነው ቁመቱ ሜትር ከሰባ አምስት ነው፤ እሱ ሲናገረው ሜትር ከዘጠና ይደርሳል። እነዚህ ግን እሱ ሲናገረው እንኳ ይበልጡታል።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አማተበ። «እትዬ... ይሄ እኮ... ይሄ...»

«ካናቢስ ነው። ስሙን ጥራው፣ አይነክስህም።»

 ያገኘው የውሃ ባልዲ አፍ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢ! ሥጋ የነካ ቢላ ለብቻ የሚያስቀምጡ ሴት!

«አትየኝ እንዲህ» አሉ እትዬ የትነበርሽ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰገድኩም። ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ሌላው ሰው ሲሰግድ እኔ ወንበር ላይ እንደ ቱሪስት ተቀምጬ አያለሁ። ጎረቤቴ ኮርኔሊስ፣ ትራም ነጂ የነበረው ሽማግሌ፣ ለወገቡ የሚቀባትን ዘይት ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ሰገድኩ፣ ልጄ! አርባ አንድ ጊዜ! እሱ መጦሪያ ቤት ሲገባ ድንኳኑን ከነመብራቱ ትቶልኝ ሄደ።»

«ለሐኪምዎ አይነግሩም?»

«ሐኪሙ ጋ በሩ ላይ የምትቀመጠው ፋሪዳ ናት፣ የኛ ልጅ፣ የወሎ። ጨዋ ናት፣ ከአፏ ነገር አይወጣም። ግን እሷ ታውቃለች! በየመንገዱ ‹እትዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?› ባለችኝ ቁጥር እኔ መሬት መግባቴ ነው። ወይስ ነጠላዬን ለብሼ ከሚያጨሱት ጎረምሶች ጋር ካናቢስ መሸጫው ሱቅ በር ላይ እንድሰለፍ ነው የምትፈልገው? ምእመኑ ሁሉ በትራም እያለፈ?»

አሳምነው ያንን ሰልፍ በዓይነ ሕሊናው አየውና ዳግመኛ አማተበ።

«ስማቸውን ላስተዋውቅህ» ቀጠሉ እሳቸው፣ በጣታቸው እያመለከቱ። «ብርቄ፣ አስካለ፣ ጥሩወርቅ፣ ዘርትሁን፤ ያቺ አንገቷን የደፋችው ደግሞ ወይንሸት። የባሌ እህቶች ናቸው። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን ታዘውኝ አያውቁም። አሁን ስላቸው ይተኛሉ፣ ስላቸው ይነሳሉ።»

ዕውቀታቸው አሳምነውን ከእጽዋቱ በላይ አስደነገጠው። አስራ ሁለት ሰዓት ብርሃን፣ አስራ ሁለት ሰዓት ድፍን ጨለማ። ሙቀቱ ሃያ አራት። አራት መለኪያዎች አሏቸው፤ አንዱ ቅጠሉ መሃል፣ አንዱ አፈሩ ውስጥ፣ አንዱ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ሳሎን። ሁሉም ወደ ስልካቸው ይናገራሉ። በዚሁ ቅጽበት ስልኩ በሴት ድምፅ በደችኛ አምባረቀ።

«ሰማህ! ‹እርጥበቱ በዛ› ነው የምትለው። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ትጮሃለች። ይኸው፣ ሰማንያ ስድስት ከመቶ። ወይንሸት መሻገት ጀምራለች። የከፋው ግን ይሄ ነው።»

ከመሶቡ ሥር ደብዳቤ አውጥተው ሰጡት። እርጥበቱ ግድግዳውን ዘልቆ ጎረቤት ገብቷል፤ ጎረቤቲቱ ለቤት አከራዩ ድርጅት አቤት ብላለች። ሐሙስ ከጧቱ አራት ሰዓት መርማሪ ይመጣል። በመጀመሪያ የሳሎኑን አየር ይለካል። እርጥበቱ ከስልሳ በታች ከሆነ ፈርሞ ይሄዳል፤ ከስልሳ በላይ ከሆነ ግን ምንጩን ፍለጋ እያንዳንዱን ክፍል ያስከፍታል።

«በመብራት ያበቀለ ሰው ቤቱን ይነጠቃል» አሉ እትዬ የትነበርሽ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። «ሃያ አራት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው። ባሌ የሞተበት።»

«ታዲያ ዛሬውኑ ነቅለን እንጣላቸው!»

«ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው! አንተ ነፍሰ ጡርን በዘጠነኛ ወሯ ከቤት ታስወጣለህ?»

አሳምነው እዚህ ላይ «እኔ ጋሪ ገፊ ነኝ» ማለት ነበረበት። ከንፈሩ እስከ ‹እኔ› ድረስ ሄዶ ነበር። አፉ ግን የለመደውን መንገድ ያዘ።

«እኔ እያለሁማ አይጨነቁ!» አለ ከባልዲው እየተነሳ። «ከዚህ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ቤት በአንድ ጣቴ አድርቄያለሁ። ነገ ማታ ይሄ ቤት ሰሃራ ይሆናል።»

ሥራ ተጀመረ። በመጀመሪያ «ፀሐይ ያደርቃል» ብሎ መብራቱን እስከ ጥጉ ከፈተው። አምስቱ እህትማማቾች ሞቃቸውና አላባቸው፤ ስልኩ ሰማንያ ዘጠኝ አለ። ማራገቢያውን እስከ ጥጉ ከፈተው። ማራገቢያው አየሩን ከድንኳኑ ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ ሳሎኑ ገፋው፤ መውጫ ያጣው አየር ደግሞ ዞሮ ተመለሰ። ሳሎኑም ሰማንያ ገባ። አሳምነው መጮኽ የማታቆመውን ስልክ ድስት ውስጥ ከትቶ ከደነባት።

ረቡዕ ከሥራ ታመምኩ ብሎ ቀርቶ አስር ኪሎ ጨው ተሸክሞ መጣ። ጨው ውሃ ይስባል። በየሳህኑ፣ በየሰኒው፣ በየትሪው አድርጎ በየጥጉ ደረደረው። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ጨዉ ረጠበ፤ ቤቱ ግን አልደረቀም።

እትዬ የትነበርሽ ሶፋው ላይ ሆነው ሲያዩት ቆዩ።

«አንተ አሳምነው፣ እዚያ ዌስትላንድ እርጥበት ሲበዛባችሁ ምንድነው የምታደርጉት?»

አሳምነው አሰበ። እርጥበት ሲበዛ የሚሆነውን በየቀኑ ያየዋል፤ የመስታወቱ ጣሪያ መስኮቶች ማንም ሳይነካቸው ብርግድ ይላሉ፣ ቅዝቃዜው ማጅራቱ ላይ ይወርዳል፣ እሱም ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ይራገማል።

«እዚያማ ኮምፒውተሩ ልክ አይደለም» አለ። «በዚህ ብርድ መስኮት ይከፍታል። ማጅራታችንን እየመታን እንኖራለን።»

«መስኮት?!» ደነገጡ እትዬ የትነበርሽ። «በኅዳር? ያበደ ኮምፒውተር ነው!»

«ያበደ ነው እንጂ።»

ሁለቱም በሰው አገር ሞኝነት አንገታቸውን ነቀነቁ። አሳምነው ተንበርክኮ በሶፋው ሥር ሌላ ጨው ማፍሰስ ጀመረ።

ያኔ ነው የውጪው በር ቁልፍ የተሽከረከረው። ፎጣው ተገፋ። የእትዬ የትነበርሽ ብቸኛ ልጅ ፍቅርአዲስ ገባች። አምስተልቨን ትኖራለች፣ አምስተርዳም ቢሮ ትሠራለች፤ እዚሁ አገር ነው ያደገችው። እናቷን ከትናንት ጀምራ ሃያ ጊዜ ደውላ አላገኘቻቸውም። እንዴት ታግኛቸው? ስልኩ ድስት ውስጥ ነው።

«እማዬ! ሞተሽ መሰለኝ እኮ!» ጮኸች። ከዚያ ዓይኗ ወለሉ ላይ ወደቀ። «ጋሽ አሳምነው? አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? ለምንድነው ጨው የምትዘራው?»

«ለ... ለበረከት ነው» አለ አሳምነው በጉልበቱ እንደቆመ።

«ዱ ኖርማል! ሰው ሁኑ እስቲ! ይሄ ቤት እኮ የእንፋሎት መታጠቢያ ሆኗል፤ መተንፈስ አይቻልም!»

ካፖርቷን ወረወረች፤ ሳሎኑን በሦስት እርምጃ አቋርጣ የበረንዳውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ወንበር ላይ ወጥታ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ መዝዛ ጣለች። ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጣ ፌስታሉን ቦጨቀችው። የሰሜን ባሕር ነፋስ፣ ሃያ አራት ዓመት በር ላይ ሲጠብቅ የኖረ የሚመስል ነፋስ፣ መጋረጃውን እስከ ጣሪያ አንስቶ ገባ።

«ኧረ ነፋሱ!» እትዬ የትነበርሽ ነጠላቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጠመጠሙ።

«ዝጊው! እናትሽን ልትገድያቸው ነው?» አሳምነው ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ደፈነ።

በዚህ መሃል ከማድ ቤት ድስቱ ተናገረ። ፍቅርአዲስ ክዳኑን አንስታ ስልኩን አወጣች።

«ሰማንያ አንድ... እማዬ፣ ይሄ ምንድነው? የምን መተግበሪያ ነው?»

«ስንት አልሽ?» አሉ እናት ከነጠላው ውስጥ።

«ሰባ አምስት። ጥያቄዬን መልሺልኝ! ‹ድንኳን› የሚለው ምንድነው?»

«ስንት? ስንት?» አሳምነው ጆሮውን ለቀቀ።

«ስልሳ ስምንት! ምን ሆናችኋል ሁለታችሁም?»

ፍቅርአዲስ ትጠይቃለች፣ እነሱ ቁጥር ይጠይቃሉ። ስልሳ ሦስት። አምሳ ስምንት። አሳምነው የሚያየውን ማመን አቃተው። አስር ኪሎ ጨው፣ ሁለት ቀን፣ የሠርግ ቤት መብራት ያልቻለውን አንድ ክፍት በር በሩብ ሰዓት ጨረሰው! ያ የተረገመው ኮምፒውተር አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ መልሱን ማጅራቱ ላይ ሲያፈስለት ኖሯል።

ነፋሱ ግን እርጥበቱን ብቻ አልነበረም የያዘው። ፍቅርአዲስ አፍንጫዋን አነሳች። ሽታውን ተከትላ ሄደች፤ የጓዳው በር አልተቆለፈም ነበር።

የድንኳኑ ዚፕ ሽርር ብሎ ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ንስሐ ሊገባበት የሚችል ጊዜ አለፈ።

«አምስት ብቻ ናቸው» አሉ እትዬ የትነበርሽ ከኋላዋ፣ ያ የሚረዳ ይመስል።

ፍቅርአዲስ ዞረች። ፊቷ ነጭ ወረቀት ሆኗል። «ችግሩ አምስቱ አይደለም፣ እማዬ። አምስት በመስኮት ብርሃን ብታበቅይ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በመብራት፣ በድንኳን፣ በመለኪያ ከሆነ ግን ንግድ ነው ይላሉ! ቤቱን ይወስዱታል!»

«ሰውየው ሳሎን ለክቶ ይሄዳል። ይኸው ወርዷል።»

«ባይሄድስ? ‹ያ በር ይከፈት› ቢልስ? በሰባ አንድ ዓመትሽ የኔ ሶፋ ላይ ልትተኚ ነው? ጉልበትሽ እንዲህ ሲሆን ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» ከዚያ ወደ አሳምነው ዞረች። «አንተስ? ኢንጂነር ነኝ ትላለህ! አንድ ሰው ይሄ አይሆንም አይልም?»

አሳምነው ምድር ብትውጠው በወደደ። የሚሸሽበት ወሬ ፈለገ፤ ጠፋ።

«ኢንጂነር አይደለሁም» አለ። «ጋሪ ነው የምገፋው። የቲማቲም።» እትዬ የትነበርሽን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ቤትዎን ላሳጣዎት ነበር።»

«ጋሪ መግፋትህንማ ሁላችንም እናውቃለን» አሉ እትዬ የትነበርሽ።

አሳምነው እንደ ጨው ሐውልት ቀጥ አለ። «ማን... ሁላችሁም?»

«አዳራሹ ሙሉ። ካህኑም ጭምር።»

ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ደንግጧል፤ እንደዚህ ግን አልደነገጠም። «ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?»

«ምስጢር ስለምትይዝ ነዋ! አንተ እድሜ ልክህን ስለ ራስህ ብቻ ነው የምታወራው፤ የሌላ ሰው ነገር ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም። ቢወጣስ ማን ያምንሃል? ደግሞ በየቀኑ የምትገፋው እዚያ ውስጥ ነው፤ አንድ ነገር ሳታይ አትቀርም ብዬ ነበር።» ይህን ብለው ጓዳ ገቡ። ብርቄን፣ አስካለን፣ ሦስቱን ሌሎች ተራ በተራ አዩ። የወይንሸትን የሻገተ ቅጠል በጥንቃቄ ቀጠፉ። «በሉ» አሉ፣ «እናንተም እንግዲህ እንደ ሰው በመስኮት ኑሩ።» መብራቱን በገዛ እጃቸው ነቀሉት።

አሳምነው ድንኳኑን አፈራርሶ፣ መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ መለኪያዎቹን በፍቅርአዲስ መኪና ወደ አሮጌ ዕቃ መጣያ አመላለሰ። ስለ ሥራው አንድ ቃል አልተናገረም፤ ፍቅርአዲስ ሁለት ጊዜ ደህና መሆኑን ጠየቀችው።

ሐሙስ በአራት ሰዓት፣ ሦስቱም ሳሎን ተሰብስበው ሲጠብቁ፣ መርማሪው መጣ። በሩን ጎንበስ ብሎ የገባ ቀጭን ደች ነው። ሳሎኑ መሃል ቆሞ መለኪያውን ዘረጋ። አምሳ ሦስት። እትዬ የትነበርሽ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ያኛው በርስ?» አለ ሰውየው።

 ቤቱን ሊያሳጣ የሚችለው ቃል ይሄ ነበር። እትዬ የትነበርሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብለው ሄደው በራሳቸው እጅ ከፈቱት።

ባዶ ክፍል። ባዶ መስኮት። ከመስኮቱ ሥር አምስት ማሰሮ፣ በየማሰሮው አንዷ እህት። ሰውየው ጣቱን አንስቶ ቆጠረ። ጣሪያውን አየ፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያውን አየ፣ ከዚያ የአሮጊቷን ያበጠ ጉልበት አየ። ፍቅርአዲስ ከንፈሯን ነክሳ ይዛለች።

«እኔ የምለካው ውሃ ነው» አለ በመጨረሻ። መለኪያውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ይደርቃል አለ፤ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ከበሩ ሲወጣ ግን ዞሮ፣ ጠበቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አሉ እናት።

«በየጧቱ ሩብ ሰዓት ሁሉም መስኮት ይከፈት አለ። በየሦስት ወሩ መጥቶ ያያል። ካልከፈትሽ ይጽፍብሻል።»

እትዬ የትነበርሽ መብራቱ ሲነቀል ያልደነገጡትን ያህል ደነገጡ። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«በጥርም?»

«በጥርም፣ እማዬ። አሁን ጀምሪ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐኪምሽ ጋ አብረን እንሄዳለን። ፋሪዳ ብትኖርም።»

ሦስቱም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። መጋረጃው ተንሳፈፈ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጋዜጣ ተነስቶ በረረ። አሳምነው ኮፍያውን ለእትዬ የትነበርሽ ሰጥቶ ራሱ የሶፋ ትራስ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቷል።

«ስንት ቀረ?» አሉ እትዬ የትነበርሽ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

አሳምነው ሰዓቱን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ሳይጨምርበት ተናገረ።

«አስራ ሦስት ደቂቃ፣ እትዬ።»